እውነት በተናገረ ቁልፍ የተሰረቀ መኪና

በቅብብል የሚፈጸም የመኪና ስርቆት ለሥነ ምግባር ፈላስፋ ከሌላው ስርቆት ሁሉ የተለየ እንቆቅልሽ ያቀርባል፤ ይኸውም የተሰበረ መስታወት፣ የተፈለቀቀ በር፣ በሐሰት የተቀረጸ ቁልፍ ወይም የተፈታ ምስጢር ሳይኖር፣ መኪናው ለእውነተኛው ቁልፍ ትክክለኛውን ጥያቄ አቅርቦ፣ እውነተኛው ቁልፍም ትክክለኛውን መልስ ሰጥቶ፣ በዚህ ሁሉ መጨረሻ ግን ንብረቱ በባዕድ እጅ መውደቁ ነው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ድምሩ ሐሰት የሚሆነው እንዴት ነው? መሐንዲሶች ጥያቄውን የርቀት ልኬት ጉዳይ አድርገው ይመለከቱታል፤ አመለካከታቸው ስሕተት ባይሆንም ያልተሟላ ነው፤ ምክንያቱም የቅብብል ሌባ መኪናውን ከመውሰዱ በፊት የሚወስደው የባለቤቱን ፈቃድ ነው።

ቁልፍ አልባ የሚባለው አሠራር፣ ስሙ እንደሚያስመስለው ቁልፍ የሌለው ሳይሆን፣ ቁልፉ ከኪስ ሳይወጣ የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በመርሰዲስ ኤስ ክላስ ላይ የቀረበው ይህ አሠራር ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ በሚሸጡ መኪኖችም የተለመደ ሆኗል። ባለቤቱ የበሩን እጀታ ሲነካ መኪናው በ125 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር ብዙም የማያልፍ ደካማ የሬዲዮ ጥሪ ያሰማል፤ ጥሪው በየጊዜው የሚለዋወጥ ቁጥር ይይዛል፤ የሰማው ቁልፍም ነቅቶ ቁጥሩን እርሱና መኪናው ብቻ በሚጋሩት ምስጢር ያሰላና ውጤቱን በአውሮፓ በ433፣ በአሜሪካ ደግሞ በ315 ሜጋ ኸርዝ መልሶ ይልካል። መልእክትን ከባዕድ የመሰወርና እውነተኛነቱን የማረጋገጥ ጥበብ፣ ማለትም ምስጠራ፣ በዚህ ንግግር ውስጥ ድርሻውን በሚገባ ይወጣል፤ ቁጥሩ ስለሚለዋወጥ የትናንቱን መልስ ቀድቶ ዛሬ ማሰማት አይጠቅምም፤ ምስጢሩም በአየር ላይ ስለማይወጣ አድፍጦ የሚያዳምጥ ሰው አያገኘውም።

ሌቦቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሆነው ይመጣሉ። አንደኛው በመኪናው አጠገብ ቆሞ እጀታውን ሲነካ፣ በእጁ ያለው መሣሪያ የመኪናውን ደካማ ጥሪ ተቀብሎ በሌላ ሞገድ ያሻግረዋል፤ ሁለተኛው በቤቱ ግድግዳ ወይም በር አጠገብ ጥቅል አንቴና ይዞ ጥሪውን እንደገና ያሰማል፤ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ወይም በተሰቀለ ኮት ኪስ ውስጥ ያለው ቁልፍም መኪናው አጠገቡ የቆመ ያህል ይመልሳል። መልሱ በመጣበት መንገድ ሲመለስ በሩ ይከፈታል፤ ያው ንግግር ሲደገምና ፑሽ ስታርቱ ሲጫን ሞተሩ ይነሳል። በጉዞ ላይ የቁልፉ ምልክት ቢጠፋ ሞተሩን ማጥፋት አደጋ ስለሚያስከትል፣ መኪናው አንድ ጊዜ ከተነሳ በኋላ ቁልፉ ቢርቅም መሄዱን ይቀጥላል። በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት የ8 አምራቾችን 10 ሞዴሎች ፈትነው ሁሉም ለዚህ ጥቃት የተጋለጡ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ይህን ለማድረግ ምስጢሩን መፍታት አላስፈለጋቸውም፤ ሌባም እንደዚሁ የሚያሻግረውን ቃል ትርጉም ጨርሶ ላያውቀው ይችላል።

ስለ ማንነት ማረጋገጥ በመጽሐፍ ቅዱስ ከተተረኩት ታሪኮች ረቂቁ በኦሪት ዘፍጥረት 27ኛ ምዕራፍ የሚገኘው የይስሐቅ ታሪክ ነው። ዓይኖቹ የፈዘዙት አባት የበኩር ልጁን ዔሳውን ከታናሹ ከያዕቆብ ለመለየት ድምፅ ሰማ፣ እጅ ዳሰሰ፣ መብል ቀመሰ፣ ልብስ አሸተተ፤ ከአራቱ ምስክሮች እውነቱን የነገረው ጆሮ ብቻ ሲሆን እርሱም በሦስቱ ተሸነፈ። የጠቦቶቹ ቆዳ፣ የዔሳው ልብስና የተዘጋጀው መብል ሁሉም ከአንዲት እናት፣ ከርብቃ እጅ የወጡ ስለ ነበሩ መብዛታቸው ተጨማሪ ማረጋገጫ አልሆነም፤ የማረጋገጫን ብዛት ከማረጋገጫ ጥንካሬ ጋር የሚያምታቱ የዘመኑ የደኅንነት ባለሙያዎች ይህን ቢያጤኑት አይጎዳቸውም። ይሁን እንጂ ያዕቆብ የፈጸመው ማስመሰል ነው፤ በመኪና ዓለም የሚመሳሰለውም ቁልፉን ገልብጦ ሌላ በመሥራት ከሚፈጸመው ስርቆት ጋር ነው። በቅብብሉ ግን ድምፁም የዔሳው ነው፣ እጁም የዔሳው ነው፤ ዔሳው ራሱ ግን ገና አደን ላይ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል 10ኛ ምዕራፍም እረኛና ሌባ የሚለዩባቸው ሁለት ምልክቶች ተሰጥተዋል፤ እረኛው በበሩ ይገባል፣ በጎቹም ድምፁን ያውቃሉ፤ ሌባው በሌላ በኩል ይወጣል፣ ድምፁም ለበጎቹ እንግዳ ነው። የቅብብል ሌባ ሁለቱንም ምልክቶች አሟልቶ ይመጣል፤ በበሩ ይገባል፣ የሚሰማውም የእረኛው ድምፅ ነው። ይህ ምሳሌውን አያፈርሰውም፤ በጎቹ እረኛውን ያወቁት አብረውት ውለው አድረው ሲሆን፣ መኪናው ግን ባለቤቱን ከቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው የባለቤቱን አንድ ዕቃ፣ ከዕቃውም ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

የሒሳብ ሊቁ ጆን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ የሚጠቀስ አንድ የቼዝ ዘዴ የነገሩን አጥንት ገልጦ ያሳያል። ጨዋታውን በቅጡ የማትችል ልጅ ከሁለት ታላላቅ ተጫዋቾች ጋር በአንድ ጊዜ ትገጥማለች፤ የአንዱን እርምጃ ለሌላው፣ የሌላውን ደግሞ ለዚህኛው እያቀበለች ትጫወትና በመጨረሻ ወይ ከሁለቱም ጋር አቻ ትለያያለች፣ ወይ አንዱን ታሸንፋለች። ሁለቱ ሊቃውንት የተጫወቱት እርስ በርሳቸው ነው፤ ልጅቱ ያደረገችው በመካከል መቆም ብቻ ነው። የምስጠራ ተመራማሪው ኢቭ ዴዝሜትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መገባደጃ ከዚህ ሐሳብ ተነሥተው በጥያቄና በመልስ የሚሠሩ የመታወቂያ ሥርዓቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ማቀባበል የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። እንግዲህ ችግሩ ቁልፍ አልባ መኪና ገበያ ከመውጣቱ አሥር ዓመት ገደማ ቀድሞ በወረቀት ላይ የታወቀ ነበር ማለት ነው፤ ይህም ኋላ ስለ ተጠያቂነት በሚነሣው ክርክር ቀላል የማይባል ክብደት አለው።

በእውነት ቃል ማሳሳት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በሃይማኖት ሊቃውንት ዘንድ አዲስ አይደለም። ስለ ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ማለትም ፍሬምናጦስን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ ስለ ሾመው የእስክንድርያ ፓትርያርክ፣ በትውፊት እንደሚነገረው በዓባይ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲሸሽ አሳዳጆቹ ተቃረቡ፤ እርሱም ጀልባውን ወደ እነርሱ አስመልሶ ተገናኛቸው፤ አትናቴዎስ የት እንዳለ ሲጠይቁ በቅርብ እንደሚገኝ ተነገራቸው፤ እነርሱም ፈጥነው አለፉ። የተነገራቸው ቃል እውነት ነበር፤ የተሳሳቱትም ከቃሉ በመነሣት ራሳቸው ስለ ቦታ በደረሱበት ድምዳሜ ነው። የሂፖው አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ395 አካባቢ ስለ ውሸት በጻፈው ድርሳን ውሸታም የሚባለው በልቡ አንድ ነገር ይዞ በአንደበቱ ሌላ የሚያወጣ ሰው መሆኑን ያስረዳል። በዚህ መስፈሪያ ሲመዘን በቅብብሉ ውስጥ ውሸታም አይገኝም፤ ቁልፉ ልብ የለውም፣ ሌባውም አንዳች ቃል ከራሱ አልተናገረም። የአትናቴዎስ አሳዳጆች ድምዳሜያቸውን የደረሱበት በዚያው በወንዙ ላይ ሲሆን፣ የመኪናው ድምዳሜ ግን ከዓመታት በፊት በመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ተደርሶ አልቋል፤ ሌባው የሚመጣው ያንን የቆየ ድምዳሜ ለመጠቀም ነው።

ድምዳሜው ሁለት እርከን አለው። የመጀመሪያው፣ ደካማው ጥሪ ከሁለት ሜትር ስለማያልፍ የመለሰ ቁልፍ ሁሉ ከመኪናው አጠገብ አለ የሚል ነው፤ ሁለተኛው፣ ቁልፉ አጠገብ ካለ ባለቤቱ መኪናው እንዲከፈት ይፈልጋል የሚል ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ኋለኛው የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

የፊተኛው እርከን መፍትሔ ከብርሃን ፍጥነት ይመነጫል። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል፤ ስለዚህ መልሱ የደረሰበት ጊዜ በበቂ ጥራት ከተለካ ቁልፉ ከዚህ በላይ ሊርቅ አይችልም ብሎ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሌባ መልእክትን ማዘግየት እንጂ ከብርሃን ማስቀደም አይችልምና። የምስጠራ ተመራማሪዎቹ ስቴፋን ብራንድስና ዴቪድ ቻውም እ.ኤ.አ. በ1993 ርቀትን በዚህ መንገድ የመገደብን ሥርዓት ነድፈዋል። የቀደሙት ቁልፎች በዚህ አይጠቀሙም ነበር፤ መልሱ በማይክሮ ሰከንዶች፣ በአንዳንዶቹም በሚሊ ሰከንዶች ቢዘገይ መኪናው በትዕግሥት ይጠብቃል፤ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ሞገዱ 300 ሜትር እንደሚጓዝ ሲታሰብ ይህ ትዕግሥት ለሌባ ምን ያህል ሰፊ ሜዳ እንደሚሰጥ ግልጽ ነው። ዛሬ በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የሚገኘው እጅግ ሰፊ በሆነ የሞገድ መጠን የሚሠራው ቁልፍ ጊዜውን በናኖ ሰከንድ ደረጃ ስለሚለካ፣ በአግባቡ ሲሠራ የተራውን የቅብብል ሌባ መንገድ ይዘጋል።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለም በኋላ ሁለተኛው እርከን እንዳለ ይቀራል። አሪስጣጣሊስ በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር ሦስተኛ መጽሐፍ በፈቃድ የተሠራ የሚባለው ድርጊት መነሻው በሠሪው ውስጥ የሆነና ሠሪውም ዝርዝር ሁኔታውን እያወቀ የሚፈጽመው መሆኑን ያስተምራል። አሮጌው የብረት ቁልፍ ይህን መስፈርት ሳያውቀው ያሟላ ነበር፤ ከኪስ መውጣት፣ ወደ ቀዳዳው መግባትና መዞር ነበረበት፤ ሦስቱም የእጅ ሥራዎች ሲሆኑ እጅም ያለ አሳብ እምብዛም አያደርጋቸውም። ቁልፍ አልባው አሠራር እነዚህን ሥራዎች እንደ ድካም ቆጥሮ ሲያስቀራቸው፣ በውስጣቸው የነበረውን የፈቃድ መግለጫ አብሮ አስቀረው፤ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ቁልፉ ስለ እርሱ ይፈቅዳል። የሰው መገኘት የሰው ፈቃድ ተደርጎ መቆጠሩ በሌላ በየትኛውም ውል ዘንድ እንደ ነውር ይታይ ነበር፤ በገበያ መካከል የቆመ ሰው ስለ ቆመ ብቻ ገዛ አይባልም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የተናቁት መከላከያዎች ከተራቀቁት የማያንስ ክብር ይገባቸዋል። የፋራዳይ ከረጢት የሚባለው፣ ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1836 ባሳየው መርሕ መሠረት ሞገድን በሚያግድ ብረት ነክ ሽፋን የተሠራ ትንሽ ቦርሳ፣ ቁልፉን ጥሪ እንዳይሰማ ያደርገዋል፤ ይሁን እንጂ ዋናው ጥቅሙ ባለቤቱ መኪናውን ለመክፈት ሲፈልግ ቁልፉን በእጁ እንዲያወጣ ማስገደዱ ነው፤ የተረሳውን የፈቃድ ሥራ በጓሮ በር ይመልሰዋል። ቴስላ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለባለቤቶች እንደ ምርጫ ያቀረበው፣ ከመንዳት በፊት የምስጢር ቁጥር የሚያስገባው አሠራርም፣ በመሪው ላይ የሚታሰረው የብረት መቆለፊያም በዚሁ ረድፍ ይመደባሉ። ለጥቂት ደቂቃዎች ካልተንቀሳቀሰ የሚተኛው ቁልፍ ግን በመካከል ያለ ነው፤ እንቅስቃሴን የፈቃድ ምልክት አድርጎ ስለሚወስድ በሌሊት ጠረጴዛ ላይ ያለን ቁልፍ ይጠብቃል፣ በገበያ አዳራሽ ውስጥ በሚመላለስ ሰው ኪስ ያለውን ግን አይጠብቅም።

ከቅብብሉ ጋር መምታታት የሌለበት፣ ፍጹም ሐሰት የሆነ ሌላ ስርቆትም አለ። በመኪና ውስጥ ያሉት ትናንሽ ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩት ካን በተባለ፣ ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ አዘጋጅቶ በ1986 ለዓለም ባስተዋወቀው የጋራ መስመር ነው፤ በዚህ መስመር የሚተላለፍ መልእክት ስለ ምን እንደሆነ እንጂ ከማን እንደሆነ አያሳይም። ሌቦች ፓራውልቱን ወይም ፓራፋንጎውን ፈልቅቀው ከፊት መብራቱ ሽቦ ጋር መሣሪያ ያገናኙና ቁልፉ ተረጋግጧል የሚል የፈጠራ መልእክት ያሰማሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በለንደን የተሰረቀ አንድ ቶዮታ ራቭ 4 በዚህ መንገድ መወሰዱ በማግስቱ ዓመት በዝርዝር ተገልጧል። እዚህ የርቀት ልኬትም ሆነ ከረጢት ዋጋ የለውም፤ መስመሩ ውስጥ የገባ ሁሉ ቤተሰብ ነው ብሎ የተነደፈ ቤት የሚድነው በውስጡ የሚተላለፈው እያንዳንዱ መልእክት የላኪውን ማረጋገጫ ሲይዝ ብቻ ነው።

የተጠያቂነት ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሌባው ጥፋተኛ መሆኑ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ንብረቱ በጥበቃ ሥር ነበረ ወይ፣ ጥበቃውስ የማን ነበረ የሚለው ነው። በእስልምና የፍትሕ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀው የሒርዝ ሐሳብ ይህን ጥያቄ ከዘመናዊው ሕግ ይበልጥ በጥልቀት መርምሮታል። ሒርዝ ማለት ንብረት በልማድ የሚጠበቅበት ስፍራ ወይም ሁኔታ ሲሆን፣ አራቱ ታላላቅ የሱኒ የፍትሕ ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም መዝሀቦች፣ የተወሰነው የስርቆት ቅጣት የሚጸናው ንብረቱ ከሒርዝ ከተወሰደ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋሉ፤ ሒርዙም እንደ ቤትና ሣጥን በስፍራ፣ ወይም እንደ ዘበኛ በሚጠብቅ ሰው ሊሆን ይችላል። በመስጊድ ውስጥ መጎናጸፊያውን ከራሱ በታች አድርጎ የተኛው ሰፍዋን ኢብን ኡመያ መጎናጸፊያው ሲሰረቅ፣ ስፍራው ለሁሉ ክፍት ቢሆንም የተኛበት ንብረት እንደ ተጠበቀ መቆጠሩ በሐዲስ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ታዲያ ከአጥር ውጭ የቆመ፣ ቁልፉ ግን በተቆለፈ ቤት ውስጥ ያለ መኪና ሒርዙ ምንድን ነው? ከአራቱ መዝሀቦች በአንዱ፣ በሐነፊ ሊቃውንት የተመረመረ አንድ ጉዳይ ለዚህ በሚያስገርም ሁኔታ ይቀርባል፤ አንዱ ሌባ ግድግዳ ሰብሮ ገብቶ ዕቃውን በውጭ ለቆመው ባልደረባው ቢያቀብለው፣ ከሁለቱ አንዳቸውም ድርጊቱን ብቻቸውን ስላልፈጸሙ የተወሰነው ቅጣት በማናቸውም ላይ እንደማይጸና አቡ ሐኒፋ ወስነዋል፤ ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ ግን በዚህ አልተስማሙም። ይህ ሌቦቹ ነጻ ይወጣሉ ማለት አይደለም፤ ዳኛው እንደ ጉዳዩ የሚወስነው ቅጣትና ንብረቱን መመለስ እንዳሉ ናቸው። የቅብብል ሌቦች ግን ከዚህም አልፈው ሄደዋል፤ ከሁለቱ ማናቸውም ወደ ቤቱ አልገቡም፣ ከቤቱም የወጣ ዕቃ የለም።

በኦሪት ዘፀአት 22ኛ ምዕራፍ ስለ አደራ የተደነገገው፣ የአይሁድ ሊቃውንትም በሚሽና በባባ መጺዓ ክፍል ያብራሩት ሕግ ጥያቄውን ከሌባው ወደ ጠባቂው ያዞረዋል። ያለ ደመወዝ የሚጠብቅ ሰው አደራው ቢሰረቅበት ምሎ ነጻ ይወጣል፤ ደመወዝ የተቀበለ ጠባቂ ግን ለስርቆት ይከፍላል። በኢትዮጵያ ለዘመናት የፍርድ መሠረት የነበረው ፍትሐ ነገሥትም አደራን ራሱን በቻለ አንቀጽ ያስተናግደዋል። ይህ ልዩነት ወደ ዘመኑ ጉዳይ ሲመጣ የሚጠቁመው ወደ አምራቹ ነው፤ መኪና የሚገዛ ሰው ብረትና ጎማ ብቻ ሳይሆን መቆለፊያም ይገዛል፣ ቁልፍ አልባውን አሠራርም ብዙ ጊዜ በተጨማሪ ዋጋ ይከፍልበታል፤ አምራቹ ከሽያጩ በኋላ የመኪናው ጠባቂ ሆኖ በዘበኛነት ባይቆምም ለጥበቃው ዋጋ ተቀብሏል። ስለ አንድ ቀዳዳ አውቆ ዝም ማለት ታዲያ ከባድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሜጋሞስ በተባለው፣ ሞተር በባዕድ ቁልፍ እንዳይነሣ በሚያደርገው የኢሞቢላይዘር ምስጠራ ላይ የተሠራ ጥናት እንዳይታተም ፎልክስዋገን የለንደኑን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አሳግዶ፣ ጥናቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ተቀንሶለት በ2015 ታትሟል። ኅትመቱ ለሌቦች መንገድ ያሳያል የሚለው የኩባንያው ክርክር ተራ ሰበብ ነበር ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቤቶቹ ስለ ገዛ ንብረታቸው ከጠባቂው ያነሰ እንዲያውቁ መደረጋቸው ከአደራ ሕግ ጋር ለማስታረቅ የሚያስቸግር ነው።

የመንግሥታት እርምጃ እስካሁን ያዘነበለው ወደ ሌባው መሣሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ለብሪታኒያ ፓርላማ የቀረበው ረቂቅ ሕግ እንዲህ ያሉ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችን ለስርቆት ይዞ መገኘትን ራሱን እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎ አቅርቧል። ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከጠባቂው ትከሻ ላይ የሚያነሣው ሸክም የለም። በበርካታ መኪኖች ቁልፍ አልባውን አሠራር በቅንብር ዝርዝሩ ውስጥ ማጥፋት ይቻላል፤ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ግን ክፍት ሆኖ ነው፣ ማጥፋት እንደሚቻልም ለገዢው የሚነግረው ሻጭ ብዙ አይደለም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሚበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች በአብዛኛው የሚዞር ቁልፍ የሌላቸው ናቸው፤ የአንዳንዶቹ የቅንብር ዝርዝርም ሆነ የመመሪያ መጽሐፍ ገዢው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አምራቹ ሩቅ ነው፣ ገዢውም ምን እንደ ተረከበ አያውቅም፤ በመካከል ሆኖ ዋጋ የተቀበለው አስመጪው ስለሆነ፣ ዝርዝሩን በሚገባው ቋንቋ ከፍቶ ለገዢው የማሳየትና ቁልፉ ባለቤቱ ሳይጠየቅ እንዲመልስ ይፈልግ እንደሆነ የመጠየቅ ግዴታ የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነው።